አፉ ስላልኩ የተከለከልኩት ካሳ

ለክቡር አቶ አለምነው
የቆቅ ሜዳ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም አጠገብ

አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ በእርስዎ ቢሮ ውስጥ ብቻ የምትሠራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደምን ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በመጠበቂያ አዳራሽዎ የያዘኝ ጉንፋንም ደህና ነው፣ እስካሁን አልተለየኝም።

በረራዬ በመዘግየቱ ላቀረብኩት የካሳ ጥያቄ የሰጡኝ መልስ ደርሶኛል። «ተጓዧ በእማኞች ፊት አፉ ብያለሁ በማለታቸው ጥያቄያቸው ተቀባይነት የሌለው መሆኑን እንገልጻለን» የሚለውን ሳነብ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ተማሪ ባለማፍራቴ አላህን አመሰገንኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ልጄ አርዋ ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ዘንድሮ እመቤቷ አንዲት ጁምዓ ብቻ ስለፈቀደችላት፣ እኔ ዑምራ ከሚሄዱት ጋር ተመዝግቤ መካ ላይ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። የዑምራው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሚነሳው ማክሰኞ ማታ ነበር። ሐኪም ወገቤን አይቶ የደሴን መንገድ በመኪና እንዳልሞክረው ስላስጠነቀቀኝ፣ ከእርስዎ ዘንድ የእሑድ ጠዋቱን በረራ ትኬት ቆረጥኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. እሑድ ጉም ነው ተባልን፤ ሰኞም ጉም፣ ማክሰኞም ጉም። አልዋሽም፣ በታኅሣሥ የኛ አገር ጠዋት ጉምና ውርጭ አያጣውም። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ውርጩ ቀልጦ፣ የዘበኛው ዶሮዎች ማኮብኮቢያው ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲሞቁ እንኳ ሰሌዳዎ «በጉም ምክንያት ዘግይቷል» ይል ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው የመነሻ ሰዓቱ በጠመኔ፣ «ዘግይቷል» የሚለው ግን በዘይት ቀለም የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። መሥሪያ ቤቱ አርቆ አሳቢ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

፪. ሠራተኞችዎ፣ ሜዳው ላይ የቆመውን አውሮፕላን ብርድ መትቶታልና ሞተሩ እንዲሞቅ የምትለብሱትን አውሱን ሲሉን፣ የበግ ጠጉር ባናዬን ከትከሻዬ አውልቄ ሰጠሁ። ሌላውም ጋቢውን ሰጠ። እኛ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ አውሮፕላኑ እንደ አራስ ተሸፋፍኖ ሦስት ቀን ዋለ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው አንጀቱ አልችል ብሎት እውነቱን ነገረኝ፦ የዚያ አውሮፕላን ሞተር ከክረምቱ በፊት ለጥገና ተነቅሎ ሄዷል፤ እኛን የሚወስደው ከአዲስ አበባ መምጣት የነበረበት ሌላ አውሮፕላን ሲሆን፣ እሱም ከነጭራሹ አልተነሳም። ባናዬ ያሞቀው እንግዲህ ባዶው የሞተር ቦታ ውስጥ የተሠራ የእርግብ ጎጆ ነው። ስለ ተመለሰልኝ አመሰግናለሁ፤ ሽታው ግን በሁለት እጥበት አልለቀቀም።

፫. ትልቁ ጉዳት ሽኝቱ ነው። እርስዎም እንደሚያውቁት በኛ በወሎ ወደ መካ የሚሄድን ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ይሸኘዋል፤ በመካከላቸው ሐቅ እንዳይቀር ጎረቤት የበደለውን ተናግሮ አፉ በሉኝ ይላል፣ ተጓዡም አፉ ብያለሁ ብሎ ይሄዳል። ክቡርነትዎ፣ ቁም ነገሩ «ይሄዳል» የሚለው ላይ ነው። ሰው ጉዱን ለመንገደኛ የሚዘከዝከው መንገደኛው ስለሚሄድለት ነው። ቅዳሜ ጎረቤቴ ቦጋለች፣ አምና የጠፋው አውራ ዶሮዬ ፋሲካን የዋለው እሷ ድስት ውስጥ መሆኑን እያለቀሰች ነገረችኝ። በጓሮ የሚዋሰነኝ አበጋዝ ደግሞ አጥሩን ወደ እኔ ግቢ ገፋ ማድረጉን ነገረኝ። አፉ ብያለሁ አልኳቸው፤ ለሚሄድ ሰው ምን ይከብደዋል!

እሑድ ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ ቦጋለች በሩቅ አይታኝ መንገድ ቀየረች፤ ይኸው ዛሬም በዙሪያ ነው የምትሄደው። አበጋዝ በድንጋጤ አጥሩን ሲመልስ አብዝቶ መለሰውና፣ ሽንት ቤቱ አሁን እኔ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሰኞ እንደገና ሸኙኝ፣ ማክሰኞም እንደገና። በሦስተኛው ሽኝት የራሱ በደል ያለቀበት ሁሉ ባዶ እጁን ላለመምጣት የጎረቤቱን እየተናዘዘ፣ ሁለት ትዳርና አንድ ዕድር ለጥቂት ነው የተረፉት። ወላሂ፣ ከተማችን እንዲህ ተበጣብጣ አታውቅም።

፬. አሁን ወደ ክቡርነትዎ ልምጣ። ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሸኚው ሁሉ ጎንበስ እያለ አፉ በሉኝ ሲል፣ እርስዎም ተሰልፈው፣ ባርኔጣዎን አውልቀው «እኔንም አፉ ይበሉኝ» አሉኝ። ትሑት አለቃ ነው ብዬ አፉ አልኩ፣ መረቅኩዎትም። ስለ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ! እርስዎ ግን አውሮፕላኑ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር። አውቀውም «ነገ ጠዋት ያለ ጥርጥር ይነሳሉ» አሉኝ። አዲስ አበባ የሚመላለሰው የጎረቤቴ የኸይሩ ሚኒባስ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር፤ እውነቱን ቢነግሩኝ ወገቤ እንደፈለገ ይሁን ብዬ፣ ፍራሽ አንጥፌ ተኝቼ እሄድ ነበር። ያንገበገበኝ ይህ ነው። ብርዱን እችለዋለሁ፣ አድጌበታለሁ፤ «ነገ» ማለትዎን ግን አልቻልኩትም።

የዑምራው አውሮፕላን ማክሰኞ ማታ ያለ እኔ ሄደ። ስልኳ ተዘግቶ ስለነበር አርዋ አልሰማችም። ጁምዓ ዕለት መካ ደርሳ፣ ከወሎ የመጡትን እናቶች ፊት አንድ በአንድ እያየች ስትዞር ዋለች። መግሪብ ሲደርስ ወደ እመቤቷ ቤት ተመለሰች።

ስለዚህ ስለ ካሳው ልንገርዎት። አፉ ማለቴን አልክድም፤ አንዴ የሰጡትን አፉ መልሶ መንጠቅ በኛ ነውር ነው። የራሴን ሐቅ፣ ጉንፋኑንም ባናውንም ሽንት ቤቱንም ጨምሬ ትቼልዎታለሁ። ነገር ግን ሰው አፉ የሚለው የራሱን ነው፤ የአርዋ ሐቅ የአርዋ ነው፣ እናቷ ብሆንም እኔ አፉ ልልላት አልችልም። ገንዘብዎን አልፈልግም። ራስዎ ደውለው፣ እናትሽን ያስቀረኋት እኔ ነኝ ይበሏት። እሷ አፉ ካለችዎት ጉዳዩ ተዘጋ፣ ከእንግዲህ ደብዳቤም አይደርስዎትም።

ማሞቂያዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ የዘይት ቀለምዎ እንዳይደበዝዝ፣ ዶሮዎቹም በማኮብኮቢያው ለረጅም ዘመን እንዲገለገሉበት ከልብ የምመኝ፣

ሦስት ጊዜ ተሸኝቼ አንድም ጊዜ ያልሄድኩት አክባሪዎ፣
ዓሊማ ጀብሪል
ጡረተኛ መምህርት

ግልባጭ፦ ለአቶ አበጋዝ፣ ሽንት ቤታቸውን እንዲረከቡ።

የተረሳ፦ የአርዋን ስልክ ቁጥር ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሲደውሉላት ብቻ ጉም ነበር እንዳይሏት፤ እዚሁ ተራራ ላይ ያደገች ልጅ ናት፣ ጉም ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገለጥ ታውቃለች።