ሊቁ ያወጣልኝ የኮርስ ዕቅድ

መስከረም 8
ምዝገባ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ቀረው። የመጨረሻ ዓመቴ... ታላቅ ወንድሜ፣ ሊቁ፣ የኮርስ ዕቅዴን ዛሬም በቀይ እስክሪብቶ አረሰው። ያው እሱ ከኔ በፊት እዚያው ባዮሎጂ ተምሮ የለ! እኔ ደግሞ ማንበብ የማልችል። የመስክ ሥነ ምህዳርን ሰረዘው። ሣር መቁጠር ሥራ አይሆንሽም ብሎ። ፊዚክስን ከዚህ ሴሚስተር አውጥቶ መጨረሻው ሴሚስተር ላይ ወሸቀው። ለምን? ስለው፣ "እኔ ያለፍኩበት መንገድ ነው" አለኝ። እማዬ፣ ሳሎን በተሰቀለው ጋዋን የለበሰ ፎቶው ሥር ተቀምጣ፣ በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። ሁለቱንም ጠላኋቸው። እሷን ትንሽ ቀነስ አድርጌ።

መስከረም 9
አማካሪዬ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ፈረመልኝ። ባዶ ፎርም ላይ! ሞልተሽ አስገቢ አለኝ። ደመወዝ የሚከፈለው ለፊርማው ነው እንዴ?

መስከረም 11
የትምህርት ክፍሉን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ፊዚክስ የሚሰጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው። በሊቁ ዕቅድ ብሄድ ለአንድ ኮርስ ሙሉ ዓመት ልጠብቅ ነበር። ደሜ ፈላ። ብነግረው፣ መመሪያ አታስተምሪኝ ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሆን ብሎ ነው? ወይስ እሱም አያውቅም?

መስከረም 12
መዝገብ ቤት ሄድኩ። አንድ ኮርስ የጎደለው ሰው መመረቅ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ መታወቂያዬ ላይ የአባቴን ስም አይታ ቀና አለች። ወንድም አለሽ? አለችኝ። ሊቁ አልኳት።
"ጋዋን ለብሶ መሰለፍማ ተሰልፏል። ዲግሪው ግን አልወጣም። ፊዚክስ ወደ ኋላ እየገፋ ሳይወስደው ይኸው አምስት ዓመቱ። ዘንድሮ ካልወሰደ የተማረው ሁሉ ይቃጠልበታል በይው።"
እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። ለዚህ ነዋ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር የሚውለው... እማዬ "ዕድል ነው" ስትል ዝም የሚለው። አላዘንኩለትም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። እኔንም እንደ ራሱ ሊያስቀረኝ ነበር።

መስከረም 13
ፎርሙን ራሴ ሞላሁት። ፊዚክስ አለ። ሣር ቆጠራውም አለ።
እራት ላይ ሊቁ፣ ያወጣሁልሽን ዕቅድ አምጪ አለ። ቀድጄ ጣልኩት አልኩ። እማዬ ታላቅሽን አክብሪ ብላ ጀመረች። እሱም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ያለ እኔ የት ትደርሻለሽ? አለኝ። ሁሉም ነገር አፌ ላይ መጣ። ዘርግፌው ልገላገል? እማዬን አየኋትና...
"የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሰላም ብላሃለች" አልኩት።
ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። እማዬ፣ የቷ ሴትዮ? አለች።

መስከረም 14
አላናገረኝም። እሰይ።

መስከረም 16
ፎርሜን አስገባሁ። ገና ሳይመሽ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ሊቁ ነው። ወትሮ ዘው ብሎ ነበር የሚገባው። ለእማዬ ነግረሻታል? አለኝ። አልነገርኳትም። ለሱ ብዬ አይደለም፤ ለሷ ብዬ ነው። አንድ ዓመቴን ሊበላ እንደነበር እያወቀ ይቅርታ እንኳን አልጠየቀም። አሁንም አልወደውም። ስለ እኔ ዕቅድ ግን ትንፍሽ አላለም። መሬት መሬቱን እያየ፣ ፊዚክስ መቼ ነው? ብሎ ጠየቀኝ።
"ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ምዝገባ ነገ ይዘጋል። አጠገቤ ግን እንዳትቀመጥ።"