የነጋ ፈረስ ሌባውን ለየው

ይድረስ ለልጄ ለክንዴ፣ ወንጂ።

እንደምን አለህ ልጄ? የሸንኮራው አገር ሙቀት እንዴት አደረገህ? ያ ወባ ተመልሶ አልያዘህም? እህል ውሃውስ ተስማማህ? እኔ ብርዱ ጉልበቴን ቢቆረጥመውም ደህና ነኝ። ደብተራው ልጻፍልዎ ቢለኝ እምቢ ብያለሁና ፊደሉ ቢወላገድብህ የአባትህ እጅ ነው፣ ታግሠህ አንብበው። ይህን ወሬ ከእኔ ቀድሞ ማንም እንዲነግርህ አልፈልግም።

ልጄ፣ ስምህ ነጻ ወጣ። የነጋን ፈረስ የሰረቀው ተገኘ።

አፈርሳታ ተቀምጠን ሁሉም አልሰረቅሁም ብሎ ሲምል፣ ከነጋ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ባንተ ላይ ነበር። አንተ አንገሽግሾህ ከሄድህ ወዲህ እኔም ከነጋ ቤት እሳት መጫር እንኳ ትቻለሁ።

ዘንድሮ ለጊዮርጊስ ፈረሰኛው እንጅባራ ሲሰበሰብ አንድ የዳንግላ ሰው በዚያው በተሰረቀው በነጋ መጋላ ፈረስ ተቀምጦ መጣ። ነጋ ዘሎ ልጓሙን ያዘ። ሰውየው "በዋስ ከገበያ የገዛሁት ነው" አለ። አስወርደው ሲያከራክሩት ፈረሱ ሰዉን ጥሶ ሄደና አፍንጫውን ጎረቤታችን አበረ ጉያ ውስጥ ከተተ። ያ ከአረቄ ቤት የማይጠፋው አበረ። ወዲያ ቢለው ይከተለዋል፣ እጁን ይልሰዋል። ነጋ "አንተ፣ ነክቼው አላውቅም ብለህ ምለህ አልነበር?" ቢለው አንዱ ቀልደኛ "ፈረሱ መች ማለ" አለ። ሰዉ ስቆ ሳያበቃ አበረ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ለካ ፈረሱን ከግጦሽ እየፈታ አረቄ ቤት ጓሮ ወስዶ አተላ እያጠጣ አላምዶት ኖሯል። ኋላም ለአረቄው ሸጠው። "ካልጠጣሁ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠጣሁ በእኔ ፈንታ የታማው ልጅ፣ ክንዴ፣ ፊቴ ይቆማል" ብሎ አለቀሰ።

አንተ ከሄድህ ጀምሮ ሳልጠራው እየመጣ የሚያርስልኝ እሱ ነበር። እናትህ ስለሞተች አዝኖልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በሬውን የሚያስጠምደው በደሉ ነው። አሁን ዳኛ ዘንድ ነው፤ ልረግመው አስቤ አፌ እምቢ አለኝ።

ነጋ በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጣና "አያ፣ ይማሩኝ" አለ። "የተበደለው ልጄ ነው፣ እሱ ሳይኖር አላወርድልህም" አልሁት። "አንገቴ እስኪሰበር ልቁም እንዴ?" ቢለኝ "እዚያው አስቀምጠህ ሂድ፣ ክንዴ ሲመጣ ተመልሰህ ትሸከመዋለህ" ብዬ ሰደድሁት። እህትህ ውቢት ግትር ትለኛለች። ትበል።

ውቢት ከነባሏ፣ አክስትህ ደጊቱም ዓይንህን ለማየት ናፍቀው ሰላም ብለውሃል። አብረውህ ለሚያድሩት ጓደኞችህ ሰላምታዬን ንገርልኝ። ለፋሲካ እንዳትቀር። ድንጋዩ ላይ ዶሮዎች መስፈር ጀምረዋል።

አባትህ ምህረቴ
ጥርባ፣ ጥር ፴ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.