ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው

ውድ ፋዱማ፣

ይህን የምታነብልሽ ኢፍራህ እንደሆነች አውቃለሁ። ኢፍራህ ልጄ፣ አደራሽን፣ እናቴን ያስቆጣታል ብለሽ አንድ መስመር እንዳትዘዪ። ለእኔ አዝነሽም እንዳታሳምሪው።

ፋዱማ፣ ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆነን እኮ። የቀፊራ ገበያ ሱቅሽን ዘግተሽ ገጠር ቢዮ አዋሌ ገባሽ ሲሉኝ «ትግባ! እኔ ምን አገባኝ!» አልኩ። ውሸቴን ነው። የዚያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም።

ቃሌን በስልክ ቀድታለች ብለሽ ነው የተቀየምሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀድቼሻለሁ። ያን ቀን ብቻ ቢሆን በተሻለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀዳሽ ኖሬያለሁ።

ጆሮዬ ጠፍቷል፣ ፋዱማ። ይኸው፣ ወጣልኝ። ለልጄም አልነገርኩትም። ባቡር ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሴት፣ «የኢስታርን ጆሮ ለእኔ በሰጠኝ» እያልሽ ስታሞግሺኝ የኖርሽው እኔ፣ ደንቆረች ልባል? ሞቴን መረጥኩ።

የአክስትሽን ሞት በስልክ ስትነግሪኝ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!» ያልኩሽን መቼም አትረሽውም። በማግስቱ ከሌላ ሰው ሰምቼ እያለቀስኩ መጣሁ፤ አንቺም ደግነትሽ አይለቅሽም፣ «ወላሎ፣ እኅቴ፣ መስመሩ ነው» ብለሽ አለፍሽኝ። መስመሩ አልነበረም። መቅዳት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስትደውዪ «እህ፣ ኧረ በይ፣ ወይ ጉድ» እያልኩ አሳልፍና፣ ስትዘጊ በሬን ቆልፌ፣ ባለ ገመዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ አንቺን እንደገና እሰማሻለሁ። አንዳንዱን አራቴ አምስቴ። ከዚያ መልሼ እደውልና የገባኝን እመልስልሻለሁ። «ኢስታር አስባበት ነው የምትናገረው» ትይ አልነበር? ማሰብ አልነበረም፣ እኅቴ። ገና መስማቴ ነበር።

አሮጌው ስልክ ወድቆ መስተዋቱ ሲረግፍ፣ ልጄ ፍቅረ ማርያም አዲስ ገዛልኝ። ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም፤ የካሜራው ብዛት፣ የባትሪው ጉልበት፣ ውኃ ውስጥ የሚቆይበት ደቂቃ ሳይቀር። የማዳመጫዬን ጫፍ ልሰካ ባዞረው ባዞረው ቀዳዳ የለውም! የመቅጃዋን ቁልፍ ግን አገኘኋት፤ እሷ ካለች ይበቃኛል አልኩ።

ያን ሐሙስ ደወልሽ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ፊት ከወንድምሽ ከዱዓሌ ጋር ስለምትከራከሩበት የአባታችሁ ቤት ልትናገሪ ያሰብሽውን፣ እሱ የማያውቀውን ሁሉ ትነግሪኝ ጀመር። ነገሩ መክበዱን ሳውቅ እንደ ልማዴ ቁልፏን ተጫንኩ። አንድ ጉምጉምታ ሰማሁ፤ መስመሩ ነው አልኩ። አንቺ ግን፣ አሁን እንደገባኝ፣ ጥርት ያለ የፈረንጅ ሴት ድምፅ ሰማሽ፤ ኢፍራህም አጠገብሽ ኖራ ሳትተረጉምልሽ አልቀረችም፤ «ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው።» ስልኩን ዘጋሽው።

አይፈረድብሽም። ዱዓሌ ግድግዳ የምጋራው ጎረቤቴ ነው። በሰፈራችን አንዱ የሰው ቃል ቀድቶ ሽማግሌ ፊት ያሰማ ጊዜ የሆነውን አብረን አይተናል፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አራግፈው ነበር የተነሡት። ቅዳሜ ደግሞ ዱዓሌ የልብሽን ያወቀ ይመስል ቀድሞ መለሰልሽ አሉ። ቤቱም ተሸጠ። ከእኔ አልሰማም፣ ፋዱማ። ክርስቲያኗ ምን ወላሂ ትላለች ብትዪም፣ ወላሂ አልሰማም።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ሁለተኛው ስልክ ነው። ምን እንዳስቀየምኩሽ ልጠይቅሽ ደወልኩ። መልስሽን አጥርቼ ልስማ ብዬ፣ እጄን ይቁረጠውና፣ አሁንም ቁልፏን ተጫንኩ። ይቅርታዬን ሳልጀምር ያቺ ሴትዮ ቀደመችኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳሽም፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ «ኮራችብኝ» ብዬ ኮራሁ።

ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው ስልክ ጠጋኙ ሂሻም ዘንድ ሄጄ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ አውጣልኝ አልኩት። እየሳቀ ከራሱ ስልክ ደውሎ ሲሞክረው ደነገጠ።

«አቦ፣ እትዬ ኢስታር! ስትቀጂ ይቺ ሴትዮ እኮ ታወራለች!»

«የቷ ሴትዮ?» አልኩት። ጆሮዬ ላይ ጮኾ ነገረኝ። ስልኬን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ድሮ ዝም ብሎ ይቀዳ አልነበር? አሁን ሠሪዎቹን አቃታቸው?»

«ኧረ ምን ያቅታቸዋል! አውቀው ነው የሚተዉት። አንዳንድ አገር ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅዳት ያስከስሳል። ለየአገሩ ለየብቻ ከመሥራት፣ በሁሉም አገር እየተቀዳ ነው ብለው ያስነግራሉ ወይም መቅጃውን ጭራሽ ያስቀሩታል። ቀዳዳውን ደግሞ ቦታ ይይዛል ይሉሻል፤ ገመድ አልባውን ለብቻው ትገዣለሽ።»

«ታዲያ የተዉትን ካርቶኑ ላይ አይጽፉም?»

«እትዬ፣ የጎደለውን ጽፎ የሚሸጥ ነጋዴ የት አይተሻል?»

እስከ ቤቴ ስራገማቸው ሄድኩ። ደጄ ስደርስ ግን እርግማኑ ወደ ራሴ ዞረ። እኔስ? የጎደለኝን ደብቄ ሦስት ዓመት ጓደኛሽ ሆኜ የኖርኩት እኔ አይደለሁም? «ፋዱማ፣ አልሰማም፣ ጮክ በይልኝ» ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? አንቺ እንደሆንሽ ቀፊራን የሚያናውጥ ድምፅ አለሽ፤ ለእኔ ቀርቶ ለሰፈሩ ይተርፋል። ኩራቴ ነው የበላን። ሳላስፈቅድሽ መቅዳቴም ጥፋት ነው። እዚያ አገር የሚያስከስስ ከሆነ፣ እዚህም ያስከስሰኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሮጌውን ስልክ ልኬልሻለሁ፤ ሂሻም መስተዋቱን ቀይሮልኛል። የሦስት ዓመት ድምፅሽ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለእኔ ያስቀረሁት ቅጂ የለም። ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ከፍቼ፣ የበርበሬ ነጋዴዋን ስትሰድቢ ሰማሁሽና ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። በዚህ ጆሮ አጥርቼ የምሰማው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ብታጠፊውም፣ ድንጋይ ላይ ብትፈጠፍጪውም ንብረትሽ ነው።

አትደውዪልኝ፤ አልሰማሽም። ደብዳቤውን ላመጣልሽ ለሾፌሩ ለአብዲቃድር «ትምጣ» ወይም «ትቅር» በዪው። ትምጣ ካልሽ እሑድ እመጣለሁ። ያን ጊዜ በቀኜ በኩል ተቀመጪና የፈለግሽውን ያህል ስደቢኝ፤ ግራው ጨርሶ ዘግቷል፣ ስድብሽ እንዳያመልጠኝ።

የማትሰማው እኅትሽ፣
ኢስታር