መንገዱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ

ጥሩዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና መልሱን ከማን እንደምሰማ ጠፋኝ። ቢሆንም ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጻፍ አላውቅበትምና ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን እዚሁ ሸሕዲ እንዳቅማችን አውጥተናል። እናትሽም ከደጋ ወርደው፣ ሙቀቱን እያማረሩ፣ ሦስት ሳምንት አብረውኝ ሰነበቱ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ክረምቱ የጣለውን የጓሮ አጥር እንደገና አጥሬዋለሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ከመተማ ክር ባመጡ ቁጥር እግራቸው አሁንም ወደ በራችን ይመራቸዋል፤ ደጁ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው ትዝ የሚላቸው። የጀመርሽውን ቀሚስ ጠልፋ ልትጨርሰው የጠየቀችኝ ጎረቤት ነበረች፤ አልሰጥም አልኳት። ስስታም ብላ አስወርታብኛለች። ታስወራ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ አጥር ልነግርሽ አይደለም። ሳፍርበት የኖርኩት ነገር አለ። አንቺም ታውቂው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሳታነሺብኝ ሄድሽ።

የመንግሥት እርሻው ከጋራዡ አውጥቶ አዲስ አበባ ለስድስት ወር ኮርስ ሲልከኝ እንዴት እንደተኮፈስኩ ታስታውሻለሽ። በኮምፒውተር የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍ ልማር ነው እያልኩ፣ ነገሩን ራሴም ሳላውቀው፣ ሰፈሩን አሰለቸሁት። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ራሱ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ቦርዱ ላይ ከሚተከሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የትኛው እግር ከየትኛው እንደሚገናኝ በቀጭን መስመር ያሳያል እንጂ፣ መስመሮቹ ሳይነካኩ የሚያልፉበትን መንገድ የሚፈልገው ሰው ነው። የኛ ቦርድ ደግሞ መዳቡ ባንድ ፊቱ ብቻ ስለነበር አንዱ መስመር በሌላው ላይ መሻገር አይችልም። ከተነካኩ ቦርዱ ይቃጠላል።

የተሰጠኝ ሥራ ለእርሻችን ትራክተሮች የባትሪ መሙያ ቦርድ መንደፍ ነበር። ሦስት መስመሮች መንገድ አጡ። ሌሎቹ ሠልጣኞች ጨርሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ለዕረፍት ስመጣ ንድፉን በወረቀት ይዤ መጣሁና ዕቃዎቹን ከሲጋራ ካርቶን ቆራርጬ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ መስመር ሳሰምርና ስሰርዝ ዋልኩ። ሰላም ስትይኝ እንኳ እቆጣ ነበር።

አንቺ አጠገቤ ጥልፍሽን ይዘሽ ተቀምጠሻል። ክር ከድንበር ማዶ በመከራ ስለሚመጣ አንዲት ስንዝር እንኳ በጨርቁ ጀርባ እንዲሁ አትሄድብሽም ነበር። መርፌውን ከማንሳትሽ በፊት ጨርቁን ወዲህም ወዲያም አዙረሽ፣ አጭሩን መንገድ በዓይንሽ ጨርሰሽ ነው የምትጀምሪው። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥትሽ አለቀ መሰለኝ፣ «ጨርቁን አዙረው እንጂ፣ ክሩን ምን አስቸገረህ?» አልሽኝ። ከዚያ እጅሽን ሰደድሽና ባለ አሥራ ስድስት እግሩን ካርቶን ፊቱን ወደ ኋላ አዞርሽው። ሁለቱ መስመሮች ወዲያው ተፈቱ። ሦስተኛውን በመርፌሽ ጫፍ በሁለት እግሮች መሃል አሳለፍሽልኝና፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደ ጥልፍሽ ተመለስሽ። እኔም ስቄ ግንባርሽን ሳምኩሽ። ያን ቀን ኮራሁብሽ፤ ይሄን እመኚኝ።

ቦርዱ ሠራ። እርሻው በስብሰባ ፊት ኮከብ ሠራተኛ አለኝ፤ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው አንቺ ነሽ። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ መምህሬን ይዞ ቤታችን ምሳ መጣ። አንቺ ወጡን እየጨመርሽ ሳለ መምህሩ፣ ያንን ዕቃ የማዞሩን ዘዴ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ ፈገግ ብለሽም ነበር። እኔም ከመጽሐፍ አነበብኩት አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? መመለስ አቃተኝ። ፈገግታሽ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ «ኧረ ብሉ፣ ምነው ቆማችሁ?» ብለሽ እንግዶቹን አስተናገድሽ።

የሚያሳፍረኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ባንቺ አፍሬ ነበር። ፊደል የቆጠርሽው በቅርቡ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጥልፍ ጠላፊ ሚስቴ አሳየችኝ ብል ከተማረ ሰው ፊት የማንስ መስሎኝ። ሲሄዱ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አልኩ፤ ሲሄዱ ደግሞ ነገ አልኩ። አንቺ አልተቆጣሽም፣ አላኮረፍሽም። ወረቀቴን ስዘረጋ ብቻ ጥልፍሽን ይዘሽ ወደ ጓሮ መሄድ ጀመርሽ። ያ ከስድብ ይበልጥ ነበር። በክረምቱ ወባው ያዘሽ፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ በትራክተር ተጎታች ጭነን ጤና ጣቢያ ስናደርስሽ ይቅርታዬን የምትሰሚበት ጆሮ አልነበረሽም።

ባለፈው ወር መምህሩ አዳዲስ ሠልጣኞች ይዞ እርሻው መጣና ስለ ቦርዱ እንዳስረዳቸው አቆመኝ። ዕቃውን ያዞረችው ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት፣ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች፣ እኔ ዋሽቼ ነው አልኩ። ከልጆቹ አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። «ያን ቀን ምሳ ያቀረቡልን እመቤት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ቦርዱን እያገላበጠ፣ «እኔኮ ያመሰገንኳቸው ስለ ምግቡ ብቻ ነው» አለ።

ጥሩዬ፣ ምስጋናሽን ከእጅሽ የቀማሁት እኔ ነኝ። አሁን ለሰው ሁሉ ብናገር አንቺ አትሰሚውም፤ ይሄን አውቃለሁ። አልረሳሽም ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን ያን ቀን በምሳው ሰዓትም አልረሳሁሽም። አጠገቤ ቆመሽ፣ እያየሁሽ፣ ስምሽን ሳልጠራ ቀረሁ። ስለዚህ ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው፦ ከእንግዲህ በልቤ ብቻ አላስታውስሽም። ጠያቂው ማንም ይሁን፣ ጮክ ብዬ በስምሽ እጠራሻለሁ።

ባልሽ