የቁልቋሉ ዘር ገና አልተፈተነም

ይድረስ ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ የሺአረግ፣ መንዝ መሐል ሜዳ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ዳገቱን እሺ ይላል? የጥር ብርድ ምን አደረገዎት? ምራትዎ ሙሉነሽስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደህና ናቸው? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ቆመን እንሄዳለን። ባለቤቴ ዘርፌም ደህና ናት። እኔን ሰሞኑን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፤ አሁን ተነስቻለሁ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ኦሎምፒያ ቢሮ እገባለሁ፣ ከሥራ በኋላ ስብሰባ፣ ከስብሰባ በኋላ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ። ቤት ስደርስ ጫማዬን ለመፍታት እንኳ አቅም ያጥረኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በጥር መጨረሻ በሹፌሩ በገመዳ እጅ የላክሁልዎትን የቁልቋል ዘር እባክዎ በማሳዎ ዙሪያ እንዳይዘሩት። «ውርጭ የማይገድለው ነው» ብዬ ጽፌልዎት ነበር። አሁን እንደዚያ ብዬ መማል አልችልም።

ለምን እንደፈለጉት አልረሳሁም። የድንጋዩ ካብ ከፈረሰ ወዲህ ገብስዎን የሰው ከብት እየበላው፣ ጠባቂ ልጅ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ከማሳው ዳር ተቀምጠው እንደሚውሉ፣ «በስተርጅና ዘበኛ ሆንኩልህ» ብለው ጽፈውልኛል። ከቆላ ያስመጡትም ቁልቋል በአንድ ሌሊት ውርጭ እንደ ከሰል ጠቁሮ መቅረቱን ነግረውኛል። ከዘር የተነሳ ቁልቋል ከብት የሚመልስ አጥር እስኪሆን አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። ያን ሁሉ ዓመት ውኃ አጠጥተው፣ አርመው፣ ጠብቀው፣ በመጨረሻ አንድ ክፉ ሌሊት ቢያጠፋብዎት እንደገና ልጀምር የሚሉበት ዕድሜ ላይ አይደሉም። እኔም አይደለሁም።

የዘሩን ነገር ያውቃሉ። ጎረቤታችን ሐጎስ ቡልጋሪያ ተምሮ ሲመለስ በረዶ ሥር ከርሞ የሚያብብ ቁልቋል አየሁ ብሎ ጥቂት ዘር በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። በሣጥን አብቅዬ ቤት ውስጥ አሳደግሁት። የሰፈሩ ሰው «አገር ጎመን ይተክላል፣ ሽፈራው እሾህ ያሳድጋል» እያለ ሲስቅብኝ ኖሯል። ችግኞቹን ደጅ ያወጣኋቸው ልጃችን ቢተው ለብሔራዊ ውትድርና በሄደ በወሩ ነው። እንደሚያውቁት ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ፊት ለፊት ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ሁለት ብርድ ወጡት። ደስ ብሎኝ ዘንድሮ ፍሬያቸው እስኪቀላ ጠበቅሁ፣ ውኃ ውስጥ ጨመቅሁት፣ ሥጋው እስኪኮመጥጥ አቆየሁት፣ የተንሳፈፈውን ባዶ ዘር ደፍቼ የሰመጠውን ጥላ ላይ አደረቅሁ። የላክሁልዎት እሱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋኑ ሲያንቀጠቅጠኝ ቤት ዋልሁ። የራሴ ብርድ ልብስ አላሞቀኝ ስላለ ከቢተው አልጋ የእሱን አንስቼ ተከናነብሁ። አንገቴንና ጆሮዬን እንደ ሳማ ለበለበኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳየው ጸጉር የመሰለ የቁልቋል እሾህ ከዳር እስከ ዳር ተሰክቶበታል።

ዘርፌን ጠራኋት። መጀመሪያ «ድመቷ ትሆናለች» አለች። ድመት ቁልቋል ተሸክማ አልጋ ላይ አትወጣም ብላት ሳቋ አመለጣትና አመነች። ብርድ ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ቁልቋሎቹን ብርድ ልብሱን ታለብሳቸዋለች፤ ማለዳ እኔ ሳልነሳ ትገፍፍላቸዋለች። አምናም ዘንድሮም። እነዚህ ተክሎች ብርድ ሲመጣ ውኃቸውን ቀንሰው ይጨማደዳሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ፤ የሞቱ ይመስላሉ እንጂ አልሞቱም። ይህንን ሐጎስም እኔም ነግረናታል። «አውቃለሁ» አለችኝ፣ «ግን እንዲያ ኩርምት ብለው እያየሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ልጄ የት እንደሚያድር አላውቅ።» እሾህ እኮ ነው አልኋት። «እሾህ አይበርደውም ያለህ ማነው?» አለች። ምነው ታዲያ የቢተውን ብርድ ልብስ ብላት፣ «ሌላ ትርፍ አለንና ነው?» ብላ ወደ ማጀት ገባች።

ከቢተው የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰን በነሐሴ ነው። ደህና ነኝ ይላል፤ ቦታውን አይጠቅስም። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። በማግስቱ ዘርፌ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ዘርግታ እሾሁን በወረንጦ ስትለቅም ዋለች፤ ሲመጣ እንዳይወጋው። ልቆጣ አስቤ የነበረውን ሁሉ ትቼ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ ለቀምሁ።

እንግዲህ እትዬ፣ ቁልቋሎቹ ሁለት ብርድ የወጡት ብርድ ልብስ ለብሰው ነው። ንብ ደግሞ አበባቸውን ከሰፈሩ ቁልቋል ጋር ሳያቀላቅለው አይቀርም፤ ከዘሩ የትኛው ጽኑ፣ የትኛው ለስላሳ እንደሆነ በዓይን አይለይም። የሚለየው ውርጭ ብቻ ነው። እዚህ ልፈትናቸው አልቻልሁም። በሩን ቆልፌ ዘርፌን ላግታት?

ስለዚህ አብዛኞቹን ነቅዬ በካርቶን ለገመዳ ሰጥቼዋለሁ። ሐሙስ እህል ሊጭን በላምበረት በኩል ይወጣል፤ ይህን ደብዳቤም እሱ ይዞታል። ሥሮቻቸው ያለ አፈር ወር ቢቆዩ አይሞቱም። በመጋቢት ዝናብ ከቤትዎ ጓሮ ይትከሏቸው፤ ማሳው ይቆይ። በመጪው ኅዳር ብርዱ ሲገባ ውኃ ይከልክሏቸው፣ አያልብሷቸው፣ ቢጨማደዱ አይዘኑላቸው። የሚጠቁረው ይጥቆር። ከተረፈው ፍሬ ብቻ ዘር ይያዙ። አንድ ዓመት ተጨማሪ እንደሚወስድብዎት አውቃለሁ፣ ለእርስዎ አንድ ዓመት ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ከባዶ ተስፋ ይሻላል ብዬ ነው።

ጥቂቶቹን ለዘርፌ ተውሁላት። እነዚህን እንደፈለግሽ አልብሻቸው ብላት፣ «ፈቃድህን ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

ሙሉነሽን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ልጆቹን በየስማቸው ጠርተው አጎታችሁን ናፍቃችሁታል ይበሏቸው። የነፍስ አባታችንን አባ ወልደጊዮርጊስን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ቢተውን በጸሎት እንዳይረሱት። ጎረቤትዎን እማማ ወርቅዬን ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ዘርፌ እጅ ነስታለች፤ ካርቶኑን ስናስር «አንዷን እንኳ ብርድ ሲጸና ከቤት ያስገቡልኝ በልልኝ» ብላለች። ያስገቡላት፣ እትዬ። ዘር ግን ከእሷ አይያዙ።

ታናሽ ወንድምዎ
ሽፈራው
አዲስ አበባ፣ ቦሌ
የካቲት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.