ከምርመራው በፊት የጠጣሁት ጠበል

ለማከብርዎ እህቴ፣ ለእትዬ አሰፋች፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? ያ የጨጓራ ቃጠሎ ቀለል አለልዎት ወይስ አሁንም እህል አላስቀምስ ብሎዎታል? እኛ እዚህ አሰላ ከብርዱ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እትዬ፣ ስልክ እያለ መጻፌ አይግረምዎት። ድምፅዎን ከሰማሁ ምላሴ ይተሳሰርብኛል። ዛሬ ጠዋት ልጅዎ ሶፊ ደውላ፣ «እማዬ በእርስዎ ወሬ ፈርታ በቱቦ ጨጓራ የሚታይበትን የኢንዶስኮፒ ቀጠሮዋን ሰረዘች፤ አሁን ሰገራዋ ጠቁሯል፤ ብንለምናትም እምቢ አለች» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ «ቱቦው አንቆ ሊገድለኝ ነበር» ያልኩዎት ውሸት ነው። ነርሷ ሲስተር ሶረቲ ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳልቀምስ፣ ጠዋትም ውሃ እንዳልጠጣ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን ጠበል እንደ ውሃ አይቆጠርም ብዬ በማለዳ አንድ ጆግ ሙሉ ገለበጥኩ። ስትጠይቀኝም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምንም አልቀመስኩም አልኳት። ቱቦው ጉሮሮዬን ሲያልፍ ያ ሁሉ ውሃ ገንፍሎ ወጣ። ወደ ሳንባዬ እንዳይገባ ተሯሩጠው አተረፉኝ፤ ምርመራውም ተቋረጠ። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ፣ ጠበሉ ለነገም ይደርስ ነበር፣ ውሸቱን ማን አዘዘህ ብለው ተቆጡኝ። እኔ ግን ለእርስዎ ጥፋቴን በመሣሪያው አላከክሁ።

ባለፈው ሳምንት በባዶ ሆዴ ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለስኩ። ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩልኝ፣ በክንዴ የሚያፈዝ መርፌ ወጉኝ፣ በግራ ጎኔ አስተኝተው ጥርሴ መሃል ፕላስቲክ አስነከሱኝ። ማቅለሽለሹና ማግሳቱ አይቀርም፤ ከእንግዲህ አልዋሽዎትም። ትንፋሽ ግን አይዘጋም፣ በአፍንጫ ቀስ እያሉ መተንፈስ ነው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከጨጓራዬ ቁራጭ ሲወስዱም አልተሰማኝም። ቁስለት አግኝተውብኝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ድንዛዜው እስኪለቅ ምንም አይቀመስም፤ መርፌው ስለሚያንገዳግድም ባለቤቴ ሐመልማል ደግፋ አመጣችኝ።

እትዬ፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ጥቁር ሰገራ ደም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም ብላኛለች ሲስተር ሶረቲ። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሞቹ ይንገሯቸው፤ እንደኔ አይደብቁ።

ለባለቤትዎ ለጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጎረቤትዎን ወይዘሮ ነቢላን፣ ሶፊንም ሰላም ይበሉልኝ። ያን ውሸት ያወራሁት ስልኩ በስፒከር ሆኖ ሁሉም እየሰሙ ነበር። ስለዚህ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ አሁኑኑ ለሶፊ እልካለሁ፤ ሁሉንም ሰብስባ ጮክ ብላ ታንብበው። ከዚያ ነጠላዎን ይልበሱና ይነሱ። እኔን መቆጣቱን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ይደርሱበታል።

ከፊትዎ ለመቅረብ ያፈረው ወንድምዎ
እንደሻው
አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.