ከአውጫጭኝ የቀረ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው ለሚሉት ዳኛ

ለክቡር ባላምባራስ መርሻ
የሰፈራችን ዳኛና የገበያው ዘበኞች አዛዥ
አራዳ

እጅግ የማከብርዎ ጌታዬ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ በቅሎዎ እንደምን ናቸው? ባለፈው ቅዳሜ በገበያው መሀል ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጠው የሰው ጀርባ ሲተለተል ስለ ተመለከቱ፣ ራስዎን እንዳያምዎት ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ጀርባዬም እስከ ዛሬ ድረስ አልተነካም።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ልኬ ግልባጩን በገበያው መግቢያ መለጠፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። እርስዎ ፍርድዎን የሰጡት ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬንም ያው ሕዝብ ቢሰማው ይገባል ብዬ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በማስተማር ስለ ሆነና ስሕተትን አንድ በአንድ ለይቶ ማሳየት ልማድ ሆኖ ስለ ቀረብኝ፣ ነገሬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ። በታኅሣሥ ወር ለገበያው አዲስ ዘበኞች ሲቀጥሩ፣ ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ማስተዋላቸውም ይፈተን ብለው ጥያቄ እንዳወጣ ስላዘዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይቅረብ ብዬ የለመንሁትንም ፈቅደውልኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ዝናብ ከዘነበ የአራዳ መንገድ ይረጥባል። ዛሬ መንገዱ ረጥቧል። እንግዲህ ዘንቧል ማለት ይቻላልን?» የሚል ነበር። መልሱ አይቻልም ነው። ዝናብ መንገድን ያረጥባል ማለት፣ መንገድን የሚያረጥብ ዝናብ ብቻ ነው ማለት አይደለምና፤ ውኃ የጫነች አህያ ወድቃ ይሆናል፣ ልብስ አጣቢ እጣቢዋን ደፍታ ይሆናል። ከተፈታኞቹ አጽብሐ የሚባል ጎልማሳ ብድግ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ከዚህ ብቻ አይታወቅም፤ ወጥቼ ሰማዩን ልይ» ብሎ መለሰ። እርስዎም «የማያውቅ ዘበኛ ምን ያደርግልኛል? ሰማይ ሰማይ የሚያይ ከሆነ ሄዶ ይመንኩስ!» ብለው በጥፊ አስመቱት፤ ደም እየተፋ ወጣ፣ አንድ ጥርሱም ከደጅዎ ቀረ። «አዎን፣ ዘንቧል!» እያሉ የጮኹት ግን፣ የታኅሣሥ አቧራ ዓይናቸውን እንደ ሞላው፣ ጠበንጃና ጅራፍ ተቀብለው ሥራ ገቡ።

፪ኛ። በጥምቀት ማግሥት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የቆዳ ነጋዴው የአቶ ግደይ መጋዘን ተሰብሮ ጠባቂው በርሄ አናቱን በመጥረቢያ ተፈልጦ ተገኘ። በርሄ ጎረቤቴ ነበር፤ የገደለው ሰው ቢያዝ ከእርስዎ ያነሰ ደስ አይለኝም። እርስዎም እንደ አገሩ ልማድ አውጫጭኝ አዘዙ፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ተሰብስቦ ገዳዩን እስኪያወጣ ድረስ እንዳይለቀቅ፣ ካህንም ቢሆን ድኻም ቢሆን ማንም እንዳይቀር በአዋጅ አስነገሩ። ቆዳ ተሸካሚው ሐድጉ ግን አዋጁ ከመነገሩ አስቀድሞ ጭነት ይዞ ወደ አዲስ ዓለም ወጥቶ ስለ ነበር አልተገኘም። ሲመለስ ወሬውን ከመንገድ ሰምቶ፣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ፣ በገዛ እግሩ ወደ አጥሩ መጣ። እርስዎም «በዳይ ከአውጫጭኝ ይሸሻል፤ ይህ ሰው አልነበረም፤ እንግዲህ ገዳዩ እሱ ነው» ብለው ፈረዱ።

ጌታዬ ሆይ፣ ይህ ያው የዝናቡ ጥያቄ ነው። በዳይ ይሸሻል ማለት የቀረ ሁሉ በዳይ ነው ማለት አይደለም። የታመመ ይቀራል፣ ልጁን የሚቀብር ይቀራል፣ አዋጁን ያልሰማ ይቀራል። እርስዎ ዐረፍተ ነገሩን ከጭራው ይዘው ጎተቱትና ሰው አሰሩበት።

፫ኛ። ሕግዎ እውነት ነው ብለን ብንቀበል እንኳ፣ በትክክል የሚገለበጥበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «በዳይ ከሸሸ፣ ያልሸሸ በዳይ አይደለም» የሚል ነው። በዚህ መሠረት አጥሩ ውስጥ የተገኘው ሰው ሁሉ ገና እንደ ገባ ነጻ ነበር። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ሰው ያለ ውኃ በፀሐይ አዋሉት፤ ካላዩ የሚባለው ሽማግሌ ጉሮሮው ደርቆ ውኃ ፍለጋ ቢነሣ ዘበኞችዎ ክንዱን በሰደፍ ሰበሩት፣ ሲሰበር ድምፁን ከአጥሩ ውጭ የቆሙ ሴቶች ሰምተዋል። ሕግዎ የፈታውን አሰሩ፣ ሕግዎ ያላሰረውን ገረፉ። አንዲትን ዐረፍተ ነገር በሁለቱም በኩል መሳት፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ሰነፍ ለነበረው እንኳ የሚቻል አልነበረም፤ ስለዚህ አድናቆቴን አልደብቅም።

፬ኛ። ቅዳሜ ዕለት ሐድጉን በገበያው መሀል አስተኝተው እጁንና እግሩን በችካል አሳሰሩት። መጀመሪያ ሸሚዙ ተቀደደ፤ ቀጥሎ ቆዳው ተቀደደ፤ ከዚያ ወዲያ ጅራፉ በተነሣ ቁጥር ደሙ በድንች ሻጮቹ ጆንያ ላይ እየተፈናጠረ ሴቶቹ ዕቃቸውን እየጎተቱ ሸሹ። ሐድጉ የነጠላውን ጫፍ ነክሶ ዝም አለ። እርስዎ ከወንበርዎ ሆነው «አያችሁ? ልቡ ደንድኗል! ንጹሕ ቢሆን ይጮህ ነበር» አሉ። ቆይቶ ነጠላው ከአፉ ወደቀና እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ያን ጊዜም «አያችሁ? ጥፋቱ አስጮኸው!» አሉ። ጌታዬ፣ ቢጮህም በዳይ፣ ዝም ቢልም በዳይ ከሆነ፣ ጅራፉ የጠየቀው አንዳች ጥያቄ የለም። ማናቸውም መልስ የሚጥልበትን ፈተና እኔ አውጥቼ አላውቅም፤ ይህን ጥበብ ከእርስዎ ገና መማሬ ነው።

፭ኛ። የሐድጉ ሚስት ወይኒ በእግርዎ ላይ ወድቃ ብትለምን፣ «ይመን፤ ካመነ ከእንግዲህ ማንም አይገርፈውም» ብለው ስላጽናኗት አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፣ ይሰቀላላ! ካላመነ ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ ግርፋቱ ይደገማል ብለዋል። ወይኒ በወህኒው ደጅ ሸሚዙን ለብ ባለ ውኃ እያራሰች ከቁስሉ ስታላቅቅ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከጨርቁ ጋር ሥጋው መጣ። «መምህር፣ ያን ሁሉ ቆዳ ስሸከም አይተውኝ ነበር፣ አሁን ግን ጀርባ የለኝም» አለኝ ሐድጉ፤ ቀና ማለት ስላልቻለ የተናገረው ለመሬቱ ነው። ሁለተኛውን ግርፋት አይችልም፣ ይሞታል። ይህን ለማወቅ ለማንም ፈተና መቀመጥ አያስፈልግም።

እንግዲህ ከተማሪ ጋር ስከራከር እንደማደርገው፣ ወደ ማስረጃው ልምጣ። «ሁሉ» የሚልን ሕግ ለማፍረስ አንድ ሰው ይበቃል። ያ ሰው ቀርቦልዎታል፤ እኔ ነኝ። በአውጫጭኙ ዕለት አጥሩ ውስጥ አልተገኘሁም፤ ወደ ፊት ለሚቀጠሩ ዘበኞች የፈተና ጥያቄ እንድጽፍ በእርስዎ ትእዛዝ እልፍኝዎ ውስጥ ተቆልፎብኝ ነበር፣ ቁልፉም በኪስዎ ነበር። አዋጅዎ ግን ማንም አይቅር አለ እንጂ፣ ከመምህሩ በቀር አላለም። በርሄ በተገደለ ሰዓትም በልጅዎ ክርስትና ግብዣ ላይ በቀኝዎ ተቀምጬ በገዛ እጅዎ ሲያጎርሱኝ ነበር። ከግቢዎ ማዶ የሰው ጩኸት ሲሰማ ከመብል ልነሣ ብል፣ «ይቀመጡ መምህር፣ ሰካራም ነው፣ ይብሉ» ያሉኝን አልረሱትም ብዬ አምናለሁ። ያ ጩኸት የበርሄ ነበር።

ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ይቆማል። የቀረ ሁሉ ገዳይ ከሆነ፣ እኔም ቀርቻለሁና ገዳይ ነኝ። እኔ ገዳይ ካልሆንሁ ደግሞ፣ ለዚህም ከእርስዎ የበለጠ ምስክር የለኝም፣ መቅረት ብቻውን መግደልን አያሳይም፤ ሐድጉ በከንቱ ተገርፏል፣ ቅዳሜም በከንቱ ሊሞት ነው። ወይ ሐድጉን ይፍቱ፣ ወይ እኔንም ያስሩ። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር ስለ ክብርዎ ስል አሳይዎ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁ።

እነዚህን ጥቂት ነጥቦች በትዕግሥት አንብበው፣ ወይም አስነብበው፣ እስከ ዓርብ ድረስ እንዲያስቡበት በታላቅ ትሕትና እያሳሰብሁ፣ ለፍርድዎ ዕድሜን፣ ለገራፊዎ ዕረፍትን፣ ለችሎትዎ ደጃፍ ደም የሚያጥብ ዝናብን እመኛለሁ።

ማስተማሩን ትቶ ማረሙን መተው ያቃተው፣ ቃልዎን ሁሉ ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ታዛዥዎ፣
መምህር ገብረክርስቶስ እንግዳ
ከጊዮርጊስ በታች፣ አራዳ
ረቡዕ፣ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እስከ ዓርብ መልስ ካልመጣልኝ፣ ቅዳሜ ኩታዬን አውልቄ በገበያው መሀል ከሐድጉ አጠገብ እተኛለሁ፤ ሌላ ጥንድ ችካል ያስተክሉልኝ። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ ገራፊዎ ከእኔ ይጀምር። ክንዱ ትኩስ ሳለ የሚያሳርፈው አጥንት ይሰብራል፣ ሲደክመው ግን እየላላ ይሄዳል። ለሐድጉ የደከመው ክንድ ይድረሰው።